ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ

ስለ ቅኝ ግዛት የሚያወራውን መጽሐፍ ማንበብ በጀመርኩ ማግስት፣ ሁለት ሰዎች መጥተው የልጄን ክፍል ያዙ።

መጽሐፉን ያዋሱኝ ጎረቤታችን ጋሽ ንዋይ ናቸው። የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ልጄን ሜላትን ቀብረን፣ የሐዘኑ ድንኳን ሲፈርስ፣ «ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ ሐሳብህን ይይዝልሃል» ብለው ሰጡኝ።

ሰዎቹ ጫማቸውን ጠርገው ገቡ። አንደኛው ሜትር ዘርግቶ ግድግዳውን ለካ። ሌላው ካርታ ይስላል።

«እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም» አልኳቸው።

«ለዚህ ነው ያረፈድነው» አለ የሚለካው። «ሰው አለበት?»

«የልጄ ክፍል ነው።»

«እሷ የት አለች?»

ወደ አልጋዋ አየሁ።

«ባዶ» አለው ለጓደኛው።

ካርታ የሚስለው ወደ ባለቤቴ ዞረ። «የቦታው ስም ማነው?»

ሰናይት ከቀብሩ ወዲህ ምሳ ትበያለሽ ስትባልም፣ ቀኑ ምንድነው ስትባልም መልሷ አንድ ነው።

«እንጃ» አለች።

ሰውየው ካርታው ላይ «እንጃ» ብሎ ጻፈ። በሩ ላይም በጥቁር ቀለም ጻፈው። በሩ ላይ ሜላት «ት»ን ገልብጣ በእርሳስ የጻፈችው ስሟ ነበር። በላዩ ጻፈበት።

«ስሙ እንደሱ አይደለም» አልኩት።

«ካርታው አልቋል» አለና በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

ጋሽ ንዋይ ዘንድ ሄድኩ።

«ስንተኛው ምዕራፍ ደረስክ?» አሉኝ።

«አንደኛው።»

«አይዞህ። መጨረሻው ላይ ይወጣሉ።»

«ስሙስ?»

«ስሙ ይቀራል። ስለ እሱ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ እሱ ግን ለጀማሪ አይሆንም።»

ሳልዘል አነበብኩ። የመጨረሻውን ገጽ ስጨርስ ሰዎቹ ሜትራቸውን ጠቅልለው ወጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት። አንደኛው ጨበጠኝና «እግዜር ያጥናችሁ» አለ።

በሩን በውሃና በሳሙና አጠብኩት። ጥቁሩ ቀለም አልለቀቀም። የለቀቀው ከስሩ ያለው እርሳስ ነው።

ሰናይት መጥታ አጠገቤ ቆመች። እርጥቡን በር ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጣቷ አንኳኳች።

«ሜላትዬ፣ የት ነሽ?»

ከውስጥ ወለሉ ላይ በባዶ እግር የሚራመድ ሰው ተሰማን። ወደ እኛ መጥቶ ቆመ። ከበሩ ስር የሁለት ትንንሽ እግሮች ጥላ ታየ።

«እንጃ» አለች ልጄ።