ባለ እንቁላሏ ሴት

ሂስከ ከዳቦ ቤት ሥራዋ ወጥታ ብስክሌቷ ላይ ስትወጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። በዚህ አገር ነፋስ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው፤ ስትሄድም ስትመለስም። ያን ቀን ግን አልተራገመችም፤ ለመራገሚያ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም። ነገ ዓርብ፣ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን፣ የወይዘሮ ባውክየ ፎቶ ከጋራ መዝገቡ ይነሳል።

የጋራ መዝገቡ ማንም ሰው በእጁ ያለውን የድሮ ፎቶ የሚያስቀምጥበት፣ ማንም ሰው በነፃ ገብቶ የሚያይበት የድረ ገጽ ጎተራ ነው። ባለቤት የለውም፤ የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሂስከ አንዷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠችም። የመዝገቡን ሕግ የተማረችው ሊጡ ኩፍ እስኪል ስትጠብቅ፣ ዱቄት በነካው ጣቷ ስልኳን እየነካካች ነው። አሁን ሕጉን ከጻፉት ሰዎች ጋር ተከራክራ ትረታለች፤ መርታቷንም ሰው እንዲያውቅላት ትወዳለች። ማክሰኞ ማክሰኞ በመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ይዛ አዲስ ገቢዎችን ታስተምራለች። ከጠረጴዛዋ ዙሪያ ከተቀመጡት ሁሉ ግን እንደ ወይዘሮ ባውክየ ያለ ደረቅ ሰው ገጥሟት አያውቅም።

ወይዘሮ ባውክየ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፖስታ ቤት ሲሠሩ አንድ ደብዳቤ ጠፍቶባቸው እንደማያውቅ ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ወደ ጠረጴዛው ያመጣቸው አንድ ፎቶ ነው። እናታቸው ግሪየት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1929፣ በዚያ ቦይ ሁሉ እንደ ድንጋይ በጠጠረበት ብርድ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ተጫምተው ቆመዋል። አጠገባቸው ሌላ ወጣት ሴት አለች። ቆቧ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብሏል፤ ትስቃለች፤ በቀኝ እጇ እንቁላል ይዛለች። ማን እንደሆነች እናት ሳይናገሩ አረፉ። ቤተሰቡ «ባለ እንቁላሏ» ብሎ ስም አወጣላት፤ በረዶ ላይ እንቁላል ይዞ መቆም ምን ይሉታል እየተባለም በየልደት በዓሉ ተሳቀባት። ወይዘሮ ባውክየ ግን መሳቁ ከበቃቸው ቆይቷል። ከእህቶቻቸው ሁሉ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የዚያችን ሴት ስም ሳያውቁ መሞት አይፈልጉም። ፎቶው መዝገቡ ላይ ከቆየ አንድ ቀን አንድ የሚያውቃት ሰው ያየዋል። ይህን ተስፋ የሰጠቻቸው ሂስከ ራሷ ናት።

ባለፈው ሐሙስ ፎቶውን ቤታቸው ሆነው፣ ብቻቸውን፣ ሙሉ ከሰዓት ለፍተው አስቀመጡት። መዝገቡ «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸውም ሳያቅማሙ «የራሴ ሥራ» የሚለውን ተጫኑ።

ይህን ስህተት የማይሠራ አዲስ ገቢ የለም። ወረቀቱ የእነሱ ነው፤ በፎቶ መገልበጫ ማሽን ያነሱትም እነሱ ናቸው፤ ታዲያ የማን ሥራ ይሁን? መዝገቡ የሚጠይቀው ግን ካሜራውን ይዞ የነበረውን ሰው ነው። በማግስቱ «ጉጉት» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ኃይለኛ ተቆጣጣሪ ፎቶው ሥር ቀይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። በ1929 ካሜራው ጀርባ ቆመው እንደነበር በትሕትና ጠየቃቸውና፣ ፎቶውን ያነሳው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከሞተም የሥራው መብት የሚያበቃበት ሰባ ዓመት ማለፉ በሰባት ቀን ውስጥ ካልታወቀ ፎቶው ከመዝገቡ ይነሳል አለ።

ወይዘሮ ባውክየ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። በ1941 የተወለደች ሴት በ1929 ፎቶ አንስታለች ማለት ወይ ውሸታም ነሽ ነው ወይ አርጅተሻል ነው አሉ፤ የትኛው እንደባሰባቸው አልተናገሩም። ስልክ ደውለውም ለሂስከ ቁርጡን ነገሯት። ይህ ፎቶ ከመዝገቡ ከተነሳ እሳቸውም ከጠረጴዛዋ ይነሳሉ። አልጋቸው ሥር ያለው የጫማ ካርቶን፣ ስልሳ ሦስት የእናታቸው ፎቶዎች ያሉበት፣ አብሯቸው ይቀበራል። ሂስከ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት።

ስትደርስ በሩ ክፍት ነበር።

«ዘገየሽ» አሉ ወይዘሮ ባውክየ።

«ነፋሱ ነው፣ እትዬ።»

«ነፋሱ ለሁላችንም ይነፍሳል። ያ ወፍ ምን አለ?»

ሂስከ ጉጉት ምንም እንዳላለ ነግራቸው ከዳቦ ቤቱ ያመጣችውን የስኳር ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ላፕቶፑን ከፈተች፤ ዋናውን ፎቶ እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። እስካሁን ያየችው መዝገቡ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ወይዘሮ ባውክየ ከመሳቢያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና እንደ አደራ ደብዳቤ በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

ሂስከ አንዴ አየችውና ቀና አለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ፎቶ መዝገቡ ላይ ካለው ይበልጣል። በታች በኩል ሁለት ጣት ያህል በረዶ ተጨማሪ አለው፤ በጎንም ቡናማ ጠርዝ።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ። ቆሻሻ ነው። ጭረት አለው፣ ያ ታች ያለው ጥቁር መስመርም አስቀያሚ ነበር።»

«የድሮ ፎቶ ጠርዝ አይቆረጥም። መሀይም እንኳን...»

«ማን አስተማረኝ?» አሏት ወይዘሮ ባውክየ። «መጀመሪያው ማክሰኞ፣ በዚህ መቀስ ምልክት የማያስፈልገውን እንቆርጣለን ያለችኝ ማን ናት? ጻፍኩት እኮ። ደብተሬን ላምጣ?»

ሂስከ መቁረጥን አስተምራለች፤ መቼ እንደማይቆረጥ ግን አላስተማረችም። መንደሩ ውስጥ እሷን በቃል የረታ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ያን ቀን አንድ ተጨመረ። ደብተሩ እንደማያስፈልግ፣ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ተናገረች፤ ወይዘሮ ባውክየም ይህን ሲሰሙ አንድ ቁራሽ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት።

ፎቶውን እንዳለ፣ ከነጠርዙ፣ እንደገና በማሽኑ አነሱት። ሂስከ ምስሉን ላፕቶፑ ላይ እያጎላች ከታች ወደ ላይ ተጓዘች። ቀኝ ጥጉ ላይ፣ ወይዘሮ ባውክየ ጭረት ያሉት ቦታ፣ በመርፌ የተጫረ የሚመስል ሁለት ፊደል ነበር፤ ሪ. ፎ.። ቀጥላ ወደ ጥቁሩ መስመር ሄደች። መስመሩ ጭረት አይደለም። ውፍረት አለው፤ በረዶው ላይ ጥላ ጥሏል። ከፎቶው የታችኛው ጠርዝ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ይመጣል፤ በሴትየዋ ቀሚስ ጀርባ ይሰወራል፤ ከክርኗ በታች ይወጣና እጇ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ውስጥ ይገባል።

«እትዬ ባውክየ» አለች በቀስታ፤ «ይሄ እንቁላል አይደለም።»

«እንቁላል ነው። ዘጠና ስድስት ዓመት ሙሉ እንቁላል ነው።»

«የጎማ ፊኛ ነው። ይሄ ደግሞ ቱቦው። ፊኛው ሲጨመቅ አየሩ በቱቦው ይሄድና የካሜራውን ዓይን ይከፍታል። የድሮ ካሜራ ነው፣ ራቅ ብለው ራሳቸውን የሚያነሱበት።» ጣቷን ሴትየዋ ላይ አኖረች። «ካሜራው ጀርባ ማንም አልነበረም። ፎቶውን ያነሳችው እሷ ናት።»

ወይዘሮ ባውክየ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ጉጉት የሚፈልገውና እሳቸው የሚፈልጉት አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። «ባለ እንቁላሏ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ሩጫ ነበር። ሂስከ የክፍለ ሀገሩን የፎቶ አንሺዎች ስም ዝርዝር ሁሉ አሰሰች። ሪ. ፎ. የሚባል የለም። የፎቶ ቤት ማስታወቂያ የወጣባቸውን የዘመኑን ጋዜጦች ገለበጠች። የለም። ወይዘሮ ባውክየ በፖስታ ቤት አእምሯቸው የመንደሩን አድራሻ ሁሉ በየመንገዱ እየጠሩ ሄዱ፤ ፎከማ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር፣ የራሱ ስም ግን በ«ሪ» አይጀምርም። ሰዓቱ አሥር ሆነ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሂስከ ወገቧን ይዛ ተነሳችና ሽንት ቤት ደርሳ እንደምትመለስ ተናገረች።

በዚህ አገር የልደት መቁጠሪያ የሚሰቀለው ሽንት ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው ቢያንስ በቀን አንዴ ተቀምጦ እንዲያነበውና የማንም ልደት እንዳያመልጠው። የወይዘሮ ባውክየ መቁጠሪያ የእናታቸው ነበር። ዓመት የለውም፣ ወርና ቀን ብቻ፤ ስለዚህ አያረጅም። እናት ሲያርፉ ልጅ ካለበት ሚስማር ሳያነሱ ቀጠሉበት። ሰው ሲሞት ስሙ አይሰረዝም፤ ከጎኑ ትንሽ መስቀልና ዓመቱ ይጻፍበታል። ከብዛታቸው የተነሳ መቁጠሪያው የመቃብር ስፍራ መስሏል።

ሂስከ ተቀምጣ ሳታስበው ፌብሩዋሪን ገለጠች፤ ማርችን ማንበብ ጀመረች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትይዩ፣ በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም፣ «ሪክስት ፎፕማ» ይላል። ከጎኑ መስቀል። ከመስቀሉ ጎን 1954።

ወይዘሮ ባውክየ ወጥ ቤት ሆነው በር ተበርግዶ ሲከፈት ሰሙ። ሂስከ መቁጠሪያውን ከነሚስማሩ ነቅላ ፊታቸው ቆማለች።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ሪክስት ፎፕማ ማን ናት?»

«እኔ እንጃ። የእማዬ ሰዎች ናቸው፣ ግማሾቹን አላውቃቸውም። በየ...» አሉና ቆሙ። ጣታቸው ሰማያዊው ጽሑፍ ላይ አረፈ። «ዕድሜዬን ሙሉ በየማርቹ አያታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጠዋት ጠዋት።»

ሂስከ ግን አላዘነችም፤ ጊዜው ይሮጣል። ሽንት ቤት የተሰቀለ መቁጠሪያ ለጉጉት ማስረጃ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ግን የልደት ቀንና የሞት ዓመት ካለ የሕዝብ መዝገቡን በር መክፈት ይቻላል። የክፍለ ሀገሩን የሞት መዝገብ ከፍታ ስሙን አስገባች፤ አንድ ገጽ ብቻ መጣ። ሪክስት ፎፕማ፣ ማርች 12 ቀን 1904 የተወለደች፣ ያላገባች፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1954 ያረፈች። ሥራ፦ የለም።

«ሥራ የለም» አለች ሂስከ። ፊቷ ቀላ። «በበረዶ ላይ ካሜራ ተክላ፣ ቱቦ ዘርግታ፣ በዚያ ብርድ ጣቷ እየደነዘዘ። ሥራ የለም አሉ።»

«ተይው አሁን፣ ኋላ ትሰድቢያቸዋለሽ። ሰባ ዓመቱ ሞልቷል?»

ሂስከ ቆጠረች። ሰባ ዓመቱ የሚቆጠረው ከሞት ቀን አይደለም፤ የመጨረሻው ዓመት ሙሉ በሙሉ ማለቅ አለበት። ያ ዓመት ያለቀው ባለፈው ዲሴምበር ማብቂያ ላይ ነው።

«ስድስት ሳምንት ሆነው» አለች። «በገና ሰሞን፣ ዲሴምበር ሳያልቅ ብታስቀምጡት ኖሮ ጉጉት በሕግ ያነሳው ነበር።»

«ለገና ላስቀምጠው ነበር እኮ። ማሽኑ ተበላሸብኝ» አሉ ወይዘሮ ባውክየ፤ ማሽኑንም እንደ ጥሩ ፈረስ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ቅጹን ራሳቸው ካልሞሉ ብለው ሂስከን ከወንበሯ አስነሷት። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል። «የራሴ ሥራ» የሚለውን አጠፉ። የፎቶ አንሺው ስም በሚለው ቦታ «ሪክስት ፎፕማ» ብለው ጻፉ፤ ልደቷን፣ ሞቷን፣ የሞት መዝገቡን ማገናኛ አስገቡ። ያልተቆረጠውን ምስል በተቆረጠው ቦታ ተኩ። ማብራሪያው ላይ እናታቸውን በስም ጠሩና፣ ሪክስት በእጇ የያዘችው የካሜራው ፊኛ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ግን ዘጠና ስድስት ዓመት እንቁላል ሲለው እንደኖረ ጻፉ። ሂስከ እንዲህ ያለው ወሬ ለመዝገብ እንደማይሆን ልትነግራቸው አሰበች፤ ያን ቀን አንዴ ተረትታለችና ተወችው።

መልሱ የመጣው ጀንበር ሳትጠልቅ ነው። ጉጉት ማስጠንቀቂያውን ራሱ አንስቶታል። ሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ለቱቦው ምስጋና፣ ይላል፤ እኔ ብሆን አላየውም ነበር። እንቁላሉ ማብራሪያው ውስጥ ይቆይ።

ወይዘሮ ባውክየ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወፉ ሰው ይመስላል አሉ። ከዚያ ተነስተው ወደ መኝታ ቤት ሄዱ፤ ሂስከ የጫማ ካርቶኑ ከአልጋ ሥር ሲጎተት ሰማች። ካርቶኑን አምጥተው ከስኳር ዳቦው ጎን አስቀመጡና ክዳኑን ከፈቱ። የላይኛው ፎቶ ላይ እናታቸው ከአጥር ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ባውክየ የእናታቸውን ፊት ትተው ጠርዙን ተመለከቱ፤ ጥጉ ላይ በመርፌ የተጫሩ ሁለት ፊደላት አሉ። ሁለተኛውም ላይ አሉ። ሦስተኛውም ላይ።

«ወንበርሽን አስጠጊ» አሉ። «የመቀሱንም ምልክት ከዚያ ማሽን ላይ አጥፊልኝ።»