ድምፁ የተነቀለ መልእክት

ሰውዬው የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የሚጠብቅ ነው። አይፈለጌ መልእክት የሚያጣራው ፕሮግራም ትልልቅ ፋይል ሲመጣበት እንደ ጠገበ በሬ ይጋደማል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ይከማቻል። አለቃው ሲጮሁበት ዘዴ ፈጠረ፦ አባሪውን ፋይል ነቅሎ ለብቻ ያስቀምጣል፣ ጽሑፉን ብቻ ያስመረምራል፣ ጽሑፉ ካለፈ አባሪውን መልሶ ያያይዛል። ካላለፈ ሁሉም ወደ ቆሻሻው ሳጥን። ወረፋው ጠፋ። አለቃውም «አንተ እኮ ጭንቅላት ነህ!» አሉት። ይሁንለት።

እናቱ ፊደል አልቆጠረችም። ስልኩ እየተቆራረጠ ሲያናድዳት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ድምጿን ታስቀዳለች፤ ባለሱቋም ወደ ልጇ መሥሪያ ቤት በኢሜይል ትልክላታለች። ጽሑፍ የሚባል የለበትም፤ ማን ይጽፈዋል? ድምጿ ሲነቀል የሚቀረው ባዶ ነው፣ ባዶ ደግሞ ለፕሮግራሙ አይፈለጌ ነው። እንዲያ ብሎ ያዘዘው ራሱ ልጇ ነው።

እሱ «እማዬ ዝም ካለች ደህና ናት» ብሎ ተኛ። መደወልስ? ሥራ በዛበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አንድ ጠዋት ቆሻሻውን ሲያጸዳ የባለሱቋ አድራሻ ተደርድሮ አየ። የመጨረሻውን ከፈተ።

«አንተ ልጅ፣ ምላስህን ዋጥከው? ወንድምህ ቤቱን ሽጠሽ እኔ ጋ ግቢ እያለ ነዘነዘኝ። አንተ አይሆንም ካልክ ከነጉልበቴ ሕመም እዚሁ እቀመጣለሁ። ዝም ካልክ ግን እሺ ብለሃል፣ እፈርማለሁ። በጣቴ ነው የምፈርመው፣ እንዳትስቅ።»

ደወለ።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«የት እሆናለሁ? ወንድምህ ሳሎን። ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ እኔ አያለሁ።»

«ቤቱስ?»

«ሰው ገባበት። በሩንም ቀይረውታል አሉ።»

«እኔ እኮ አልሰማሁም። ማሽኑ ነው የጣለው።»

«ማሽኑን እንዲያ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ጎበዝ ነህ።» ሳል ያዛት። «እኔ እንኳ አይሆንም የምትል መስሎኝ ነበር። ስጠብቅህ ከረምኩ።»

አላለቀሰም፣ አልተናደደም። እጁን ጠረጴዛው ላይ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

አለቃው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ዛሬስ ወረፋ አለ?»

«የለም።»

«ማነው እሱ?» አለች እናቱ።

«አለቃዬ ናቸው።»

«እንግዲያ ሥራህን ሥራ» ብላ ዘጋችው።

የቀሩትን መልእክቶች ሊከፍት ማውሱን ያዘ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ አንዱንም ሳይከፍት እንደያዘው ነበር።