ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው

ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም በያቸው፣ ይሄ ድክመት ሳይሆን ጉብዝና ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚመልሰው፣ ጓደኛዋ ጽዮን ትናንት ይመኙሻልን በስልክ ሦስቴ አስደግማታለች፣ እሷም በቃሏ ይዛዋለች፣ ይዛዋለች እንዴ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ግብርና ቢሮው ኮሪደር ላይ አግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች፣ ብርዱ ነው ትላለች፣ ብርዱ አይደለም፣ ፈርታለች።

ለእንስሳት ክትባት መጋዘን ሠራተኛነት ነው የምትወዳደረው። ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ፣ ይቺ ካመለጠቻት በቃ። ድክመት። ድክመቷን እስከ ዛሬ ለማን ተናግራ ታውቃለች፣ ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ወዳጆ ብቻ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አባ ይፍቱኝ ብላ፣ ሞላሌ ከተማ ለልምምድ ሳለሁ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፣ የክትባቱን ፍሪጅ ከፍቼ ሳላይ መመዝገቢያው ላይ አራት ዲግሪ ብዬ ሞላሁ፣ አለቆቼ የት ነበርሽ ብለው እንዳይቆጡኝ ፈርቼ፣ ክትባቱ ተበላሽቶ ኖሯል፣ በእሱ የተከተቡ የአንድ ሰው ዘጠኝ በጎች በፈንጣጣ አለቁ። መምሬ ስግደት አዘዟት፣ ደግሞ ለባለ በጎቹ ሄደሽ ንገሪ አሏት። ስግደቱን ሰገደች። ሌላውን፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ። አሁንም ያው ፍሪጅ፣ ያው መመዝገቢያ፣ ደግሞ ብፈራስ።

ይመኙሻል ክንፈ!

ትገባለች። ሦስት ናቸው፣ የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ፍሬው፣ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ ጥግ ላይ የገበሬዎቹ ተወካይ፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ እኚህን ሰውዬ፣ እመቤቴ ድረሺ፣ ጋሽ ዳኜ። የሞላሌው። ባለ በጎቹ። ያን ጊዜ በጎቹን ሲቀብሩ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ አይታቸዋለች፣ እሳቸው አላዩአትም፣ አያውቁኝም፣ አያውቁኝም።

ስለ ትምህርቷ ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች፣ ምን እንደመለሰች እንጃ። አቶ ፍሬው ወደ ሽማግሌው ዞር ይላሉ፣ እርስዎስ አባታችን፣ ጋሽ ዳኜ የጥያቄውን ወረቀት ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያነባሉ፣ ልጄ፣ ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው ይላል፣ አይዞሽ፣ አትፍሪ።

ሥራ ካልጨረስኩ፣ በይው፣ በይው እንጂ። አይዞሽ ባይሏት ትለው ነበር። አንገቷ ይደፋል፣ እጇ ነጠላዋን ወደ አፏ ይስባል፣ የሚወጣት ግን

ይፍቱኝ።

አቶ ፍሬው ይስቃሉ፣ ሴትዮዋም ይስቃሉ፣ ቄስ እኮ አይደሉም የኔ እህት፣ ጋሽ ዳኜም ሊስቁ ነው፣ አብራቸው ብትስቅ ያልፋል፣ ሥራው ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሳቂ፣ ምን አለበት፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ታወርዳለች

ዘጠኝ ነበሩ ትላለች፣ ጋሽ ዳኜ፣ በጎችዎ።