ሮለሩ ከወጣ

ዙፋን ስትደነግጥ ትስቃለች፤ ይህን ገንዳ ውሃ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከቴክኒክና ሙያ ስትመረቅ ስሟ ሲጠራ ሳቀች። የብየዳ ፍንጣሪ ቀሚሷን ያቃጠለው ዕለትም ሳቀች። አጎቷ አቶ ቢሻው «ይህች ልጅ አንድ ቀን ታዋርደኛለች» እያሉ ለቅሶ ቤት ይዘዋት መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል። በዚያ የኅዳር ጠዋት ግን የሳቀችው ደንግጣ አይደለም፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ነው። ከመኝታዋ እየሳቀች ተነሣች፣ ሻይዋን እየሳቀች ጠጣች፣ ግማሹን ደረቷ ላይ ደፋችው።

ዛሬ ሮለሩ ይወጣላ!

ሮለሩ መንገድ የሚደመድም አሥር ቶን ብረት ነው። ባለፈው ዓመት መተማ ዮሐንስ ሥራ ተገኝቶ፣ ኦፕሬተሩ ካሊድ ከገንዳ ውሃ እዚያ ድረስ በራሱ ጎማ ነድቶት ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ደረሰ። መንገድ ላይ ሰሊጥ የጫነች አህያ ቀደመችው፤ የአህያዋ ባለቤትም ዞር ብለው «አይዞህ ልጄ፣ ትደርሳለህ» አሉት። ካሊድ ሌላ ስድብ ይረሳል፣ ያችን ግን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ያው ሥራ እንደገና ሲመጣ የመንገድ ተቋራጩ ሎቤድ አመጣ፤ ከባድ ማሽን የሚጭን ጠፍጣፋ ተጎታች ማለት ነው። ሎቤዱ ሁሉ ነገር አለው፣ መወጣጫ ብቻ የለውም። መወጣጫው የት እንደቀረ ሹፌሩም አያውቅ።

ሥራው ወደ አቶ ቢሻው መጣ። አቶ ቢሻው ሠላሳ ዓመት ብረት የበየዱ፣ በዓይናቸው ብቻ የሚለኩ ሰው ናቸው። ሜትር የያዘ ባለሙያ ሲያዩ «ምነው፣ ዓይን አልፈጠረለትም?» ይላሉ። ዙፋን ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የብየዳ ኤሌክትሮድ ስታቀብላቸው፣ በር ስትቀባ፣ የመስኮት ፍርግርግ ስትበይድ ኖራለች። «ጋሼ፣ ይህን እኔ ልሥራው» አለቻቸው።

አቶ ቢሻው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩዋት። «ስሚ አንች። ሮለሩ ከወጣ ስምሽ ታፔላው ላይ ከስሜ ጎን ይጻፋል። ካልወጣ ግን እስክታረጂ ፍርግርግሽን ትበይጃለሽ። ተስማማን?»

«ተስማማን!» አለችና ሳቀች።

ይህ በነሐሴ ነበር። ያኔውኑ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ሎቤዱ ወደቆመበት ጓሮ ሄዳ ከፍታውን ለካች። ከመሬት እስከ ሎቤዱ ወለል ስድሳ ሳንቲ ሜትር። አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ይባላልና እሷም አሥር ጊዜ ለካች፤ አሥሩንም ጊዜ ስድሳ። ከዚያ ብረት እስኪገኝ፣ መብራት እስኪመጣ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ተጠበቀ። ከተገለበጠ የጭነት መኪና ሻንሲ ቆርጣ፣ ላሜራ አልብሳ፣ ሮለሩ እንዳይንሸራተት በየስንዝሩ ፌሮ በይዳ፣ ሁለት ሜትር ከአርባ የሚረዝሙ ሁለት መወጣጫዎች ሠራች። አንዱን ለማንሳት አራት ሰው ይፈልጋል። አቶ ቢሻው ዞረው ዞረው አዩአቸው፣ በመዶሻ መቱአቸው፣ የሚወቅሱት ቢያጡ «ቀለሙ ደስ አይልም» አሉ።

እነሆ ዛሬ ሎቤዱ ከመናኸሪያው ጎን፣ ደረቁ ሜዳ ላይ ቆሟል። የመንደሩ ሰው ወጥቷል። ሰሊጥ አጨዳ ጨርሰው አውቶቡስ የሚጠብቁ የጎጃም ልጆች ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። ዙፋን መወጣጫዎቹን አስነሥታ ጫፋቸውን ከሎቤዱ ኋላ አንጠለጠለች።

መሰላል ሆኑ።

«እንዴ!» አለ ከጎጃሞቹ አንዱ፣ ደረበ የሚሉት ረጅም ልጅ። «ይኸ ለሮለር ነው ለጦጣ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ካሊድ ግን ወንድ ነውና ሞተሩን አስነሥቶ ተጠጋ። ትልቁ ክብ ብረት ሁለት ስንዝር ያህል ወጣ፣ አቃሰተ፣ ተመልሶ ዱብ አለ። ካሊድ ዘሎ ወረደ። «ወላሂ አልሞትም! ያ ዙፋን፣ ይኸ መወጣጫ አይደለም፣ ግድግዳ ነው! ኻላስ፣ በቃ፣ በአህያዋ መንገድ እሄዳለሁ።»

አቶ ቢሻው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ፍርግርግ።»

ዙፋን ሳቀች። ይኸኛው የድንጋጤው ነበር። በዓይኗ ፊት የመስኮት ፍርግርግ ተደረደረ፣ አበባ ያለው፣ አበባ የሌለው፣ እስከ እርጅናዋ ድረስ። ሜትሯን ዘርግታ ከመሬት እስከ ሎቤዱ ወለል ለካች። አንድ ሜትር! እንደገና ለካች። አንድ ሜትር። ብረት እንደ ልጅ አያድግ፣ ይኸ ምን ጉድ ነው? ጎንበስ ብላ የሎቤዱን ጎማ አየች። ጎማው ላይ እስከ መሐሉ ድረስ የደረቀ ዋልካ ጭቃ ተለጥፏል፤ ጠርዙ በክር የተሠመረ ይመስላል። ከመሬት እስከ ጠርዙ ለካችው፤ አርባ ሳንቲ ሜትር ልክ።

በነሐሴ ሎቤዱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

«ጭቃ ላይ ነው የለካሁ!» ብላ ጮኸች። «አሥር ጊዜ ለካሁ፣ አሥሩንም ጭቃ ላይ!» መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስታፍርም እንደምትስቅ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«አያ፣ ታመመች እንዴ?» አለ ደረበ።

ዙፋን ድንገት ብድግ አለች። «ሎቤዱን ወደ ጭቃው እንመልሰዋለን!»

«በኅዳር ጭቃ ከየት ይመጣል?»

«ጭቃው ምን ያደርግልናል? ጉድጓዱ ነው የሚያስፈልገን! ለኋላ ጎማዎቹ አርባ ሳንቲ ሜትር እንቆፍርላቸው፣ ጅራቱ ዝቅ ይላል። ሲወጣ እንዳይቸገር በፊት በኩል ተዳፋት እናድርግለት።»

የሎቤዱ ሹፌር «መኪናዬን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ካሊድ ግን የተቋራጩን ዶማና አካፋ ከሮለሩ ላይ እየወረወረ ያወርድ ጀመር። ደረበና ጓደኞቹ ሸሚዛቸውን አወለቁ። ቁፋሮው በተጋመሰ ጊዜ አውቶቡሳቸው ጥሩምባ ነፋ፤ ረዳቱ ስማቸውን እየጠራ ለመነ። ደረበ ቀና ብሎ «ሂዱ፣ ሂዱ! አውቶቡስ ነገም አለ። ሮለር ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅ» አለና አካፋውን መልሶ አነሣ። ዙፋን ልትስመው ምንም አልቀራት።

በሰዓት ውስጥ ተቆፈረ። ሎቤዱ ወደ ኋላ ሄዶ ዝም ብሎ ዝቅ አለ። ዙፋን ለካች፤ ስድሳ! መወጣጫዎቹ ተንጠለጠሉ፣ እግራቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ተኙ።

ካሊድ «ቢስሚላህ» ብሎ ወጣ። ፌሮው ብረቱን ነክሶ ያዘ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ። ሻንሲው ትንሽ እንኳ አልጎበጠም። «ግፋ! ግፋ!» ይላል ሕዝቡ። ዙፋን እስትንፋሷን ይዛ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ታያለች። ሮለሩ ጫፉ ላይ ደርሶ አንድ አፍታ አሰበ፤ ከዚያም ጓ ብሎ ወለሉ ላይ አረፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። ካሊድ ሮለሩ አናት ላይ ወጥቶ ትከሻውን ይሰብቃል፣ የሎቤዱ ሹፌር ያላወቀውን ሰው ያቅፋል። ሎቤዱም መወጣጫዎቹን ጭኖ በተዳፋቱ እያቃሰተ ወጥቶ የመተማ ዮሐንስን መንገድ ያዘ።

አቶ ቢሻው ወደ ባዶው ጉድጓድ ጎንበስ ብለው አዩ። «ለመሆኑ፣ ሮለሩ ነው የወጣ፣ ሎቤዱ ነው የወረደ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ሮለሩ ከወጣ ነው። ሎቤዱ ካልወረደ የሚል ቃል አልነበረበትም።»

«እውነቷን ነው! እውነቷን ነው!» አለ ሕዝቡ፤ ደረበም ጭምር፣ ነገሩን ምንም ሳያውቅ።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው። አቶ ቢሻው ወደ ሱቅ ተመልሰው፣ መሰላል ላይ ወጥተው፣ በቀዩ አንቲረስት ቀለም ከስማቸው ጎን መጻፍ ጀመሩ። እንደ ልማዳቸው በዓይናቸው ለኩ። «ዙፋ» ብለው ታፔላው አለቀባቸው።

«በሜትር ለክተው ቢሆን…» አለች ዙፋን።

«ዝም በይ።» «ን»ን ከታች አንጠለጠሏት። ዙፋን ስሟን በጣቷ ነካችው፣ ቀለሙ ያዛት። በዓለም ላይ እንደሷ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ የአቶ ቢሻው ስልክ ጮኸ። የካሊድ ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማል፤ «ጋሼ ቢሻው፣ ደርሰናል፣ ሁሉ ተማም ነው! ግን መወጣጫው እንደገና ግድግዳ ሆነብኝ፣ በምን ልውረድ? የቆምነው ኮንክሪት ላይ ነው፣ በዶማ ቢመቱት እሳት ይተፋል! ከኋላችን የጭነት መኪና ሰልፍ ጥሩምባውን እየነፋብን ነው!»

አቶ ቢሻው ታፔላውን አዩ፣ ዙፋንን አዩ፣ ስልኩን ሰጧት። «ባለስሟ እዚህ አለችልህ።»

ዙፋን እየሳቀች ስትቀበለው ስልኩ በቀይ ቀለም ተለቀለቀ። «ካሊድ፣ ኮንክሪቱ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው!»

«ጎማው አልሰመጠም?»

«ኮንክሪት ነው እያልኩሽ!»

«በል ባለህበት ቁም፤ የመወጣጫው መቀጠያ ይዤ መጣሁ።»

የተረፈውን ሻንሲ አራት ቦታ ቆርጣ፣ ከብየዳ ማሽኑ ጋር ባጃጅ ላይ ጫነችው። ልትነሣ ስትል አቶ ቢሻው እያለከለኩ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ የኤሌክትሮድ ካርቶን አለ። በቀኝ እጃቸው ደግሞ በሕይወታቸው ነክተውት የማያውቁትን ሜትሯን ይዘዋል።

«ጋሼ! እርስዎ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ኤሌክትሮድ ማን ያቀብልሽ?» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው።

ዙፋን መሳቅ አቃታት። ባለባጃጁ ሞተሩን አስነሣ፤ ብረቱ ኋላውን ስለተጫነው የፊት ጎማው ከመሬት ብድግ አለ፣ ሦስቱም ወደ ሰማይ ቀና አሉ፣ ያን ጊዜ የሳቁት አቶ ቢሻው ነበሩ።