የአባቷ ሹራብ

«ሳሙናውን ቀየርኩ፣ ቅባቱን ተውኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?» አለች የአትክልተኛው ሚስት፣ የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ልጅቷን አቅፋ።

አትክልተኛው ከሥራ ተጠርቶ በዚያው ልብሱ ነው የመጣው። የትንሿ ልጁ ጉንጭ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል፤ አንገቷን ልታክ ስትል እጇን ይይዝባታል። ወላጅ እናቷ ከሞተች በኋላ ያሳደገቻት ይህችው ሚስቱ ናት። ሽፍታው ሲወጣ ግን ጣት የተቀሰረው እሷው ላይ ነው። «የእንጀራ እናት ነገር! በወጉ ሳታጥባት ቀርታ ነው» ያለችው ታላቅ እህቱ ዛሬ ልጅቷን ልትወስድ ነው። እሱም እሺ ብሏል፣ ያውም ሚስቱ እየሰማች።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሐኪሟ ልጅቷን አገላብጣ አየች። «በቀኝ በኩል ብሷል። በዚህ ጎኗ ነው የምትተኛው?»

«አዎ» አለች ሚስቱ። «የአባቷን የሥራ ሹራብ ካልተንተራሰች እንቅልፍ የሚባል የለም። ማታ ከላዩ ላይ ገፍፋ ነው የምትወስድበት።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አትክልተኛ ነኝ። ሰሞኑን ግድግዳ ላይ የወጣ ሐረግ እየከረከምን ነው።»

«የሐረጉ ፈሳሽ ልብስ ላይ ይቀራል። እርስዎን ምንም ላያደርግዎ ይችላል፤ የእሷ ቆዳ ግን አልቻለውም። አለርጂ ነው። ከእንግዲህ ሳይታጠቡና ልብስ ሳይቀይሩ አይቀፏት።»

አትክልተኛው ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ምን ቀብተሻት ነው?» እያለ ስንቴ እንዳፈጠጠባት ትዝ ሲለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ደጅ ሲወጡ ስልኩ ጮኸ።

«ልብሷን ሸክፋችኋል?» አለች እህቱ።

«እትዬ፣ ልጄ የትም አትሄድም። ለዚህ የዳረጋት የእኔው ሹራብ ነው።»

«እሷ ናት እንዲህ በል ያለችህ?»

«ሐኪሟ ናት ያለችው። ሚስቴንማ በከንቱ አስቀየምናት።»

ሚስቱ ብትሰማም ቂሙ ገና ከፊቷ አልጠፋም። በመካከላቸው የምትሄደው ልጅ ደክሟት ኖሮ ሁለት እጆቿን ወደ እሱ ዘረጋች።

«አባዬ፣ እቀፈኝ።»

ጎንበስ ሊል ብሎ ተወው። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ አንድ እርምጃ ሸሸ። የልጅቷ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ለምን?»

እንዴት አድርጎ ያስረዳት!

«እናትሽ ትቀፍሽ» አለ፣ ሚስቱን እያየ። እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ሚስቱ ለአፍታ አየችውና ልጅቷን አነሳቻት።