እርድ ያልነካው ምሳ ዕቃ

እናትየዋን ከጠየቃችሁ፣ የበኩር ልጇ የእጇን ሳይቀምስ ሳምንቱን አይጀምርም፤ ጣቱን እየላሰ ነው የሚጨርሰው። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነችውን ታናሽ እህቱን ከጠየቃችሁ ደግሞ፣ ያ ቤት አሻሻጭ ወንድሟ የእናቱን ወጥ ከቀመሰ ቆይቷል፤ የሚበላለት የቆሻሻ ገንዳ ነው።

ሹፌሯ ይህን ያወቀችው ሰልላ አይደለም። እናቷ እርድ አትሰስትም። ወጧን አንዴ የያዘ ፕላስቲክ ቢፈተግም ቢዘፈዘፍም ቢጫነቱን አይለቅም። የሹፌሯ ምሳ ዕቃዎች የአጫሽ ጥርስ መስለዋል። የወንድሟ ግን እሑድ እሑድ እንደ ወተት ነጥተው ይመለሳሉ። ጌታው ሳይከፍት ከነክዳኑ ይወረውርና አምሳያውን ከሱቅ ገዝቶ ያመጣል። ለማጠብ እንኳ መክፈት ያስፈልጋላ! ሽታው ሱፉ ላይ ይቀርበታል።

እናትየዋ ሳምንቱን ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ትከርማለች። እሑድን ደግሞ «ልጄን በሰው አገር እንዳይርበው» እያለች፣ ባበጠ እግሯ ምድጃ ሥር ቆማ ስንቅ ትቋጥራለች።

የዚያን እሑድም ልጇ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ገባ።

«እማዬ ትሙት፣ ያለፈው ሳምንትማ ልዩ ነበር! ዕቃውን ነው የላስኩት።»

«እስቲ ምላስህን አሳየን፣ ጋሼ» አለች ሹፌሯ፤ «ቢጫ መሆን አለበት።»

«አንቺ ደግሞ ቅናትሽ!»

«ተያት!» አለች እናትየዋ ነጩን ምሳ ዕቃ ከፍ አድርጋ። «ይልቅ አስተጣጠቡን እዪና ተማሪ።»

ሹፌሯ ከቦርሳዋ የራሷን ምሳ ዕቃ አውጥታ ከነጩ ጎን አስቀመጠችው።

እናትየዋ ቢጫውን አየች፤ ነጩን አየች፤ ክዳኑን በአውራ ጣቷ አሸችው።

«እማ፣ ደንበኛ ፊት ሽታው... እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው» አለ ልጇ።

«እንዳይከፋት!» አለች ሹፌሯ። «እግሯ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ስትቆምልህ፣ እንዳይከፋት ብለህ ለገንዳ ታጎርሳለህ! ውሻ እንኳ አሽትቶ ነው የሚተው።»

እናትየዋ የተቋጠረውን አንድ በአንድ ወደ ድስቱ ገለበጠች፤ የልጇን ስትጨርስ የሹፌሯንም አነሳች።

«የኔን ደግሞ ምን አድርጌ?»

እናትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች።

«ከዛሬ ወዲያ ለማንም አልቋጥርም፤ ላንቺም ጭምር። የእጄን የፈለገ እዚሁ ይቀመጥና እያየሁት ይብላ።»