የጋሽ ሮዲ ግማሽ ነጥብ

ጋሽ ሮዲ ከአባዬ ጋር ሲያትል፣ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ መንገደኛ የሚያመላልስ የፓርኪንግ ሸትል ይነዳሉ። ፊሊፒኖ ናቸው፤ «ጋሽ በያቸው» ያለኝ አባዬ ነው። ድሮ ለአገራቸው ቼዝ ተጫውተዋል፤ ዱባይ፣ አቴንስ፣ ሞስኮ። ግራንድማስተር ለመባል፣ የቼዝ ትልቁ ማዕረግ ነው፣ ሦስት ውድድር ላይ ጥሩ ውጤት ማምጣት አለባቸው። ሁለቱን አምጥተዋል። ሁለተኛውን ሲያመጡ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

ቼዝ ሊያስተምሩኝ የጀመሩ ቀን «ገባሽ?» አሉኝ። አዎ ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ፤ እኛ ቤት ሁሉም እንደዚያ ነው።

«ምን አስደነገጠሽ?» አሉኝ።

«ኧረ አዎ ማለቴ ነው።»

እሳቸው ደግሞ አዎ ሲሉ ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ ያደርጋሉ። «አፍ ታዲያ ምን ይሠራል?» ብላቸው «ለመብላት» አሉ።

ባለፈው እሁድ ሲያትል መሀል አንድ ሆቴል ውስጥ የአንድ ውድድር የመጨረሻ ዙር ነበር፤ እኔና አባዬ ልናይ ሄድን። አቻ ከወጡ ግማሽ ነጥብ ያገኛሉ፤ በእሷ ሦስተኛው ውጤት ተገኘ ማለት ነው። ተጋጣሚያቸው ብሌክ የሚባል የቴክሳስ ወጣት ነው። ቦርዱ ላይ የሚያጣላ ነገር ሲጠፋ ብሌክ ንጉሡን አንቀሳቅሶ «አቻ?» አለና ሰዓቱን ተጫነ።

ጋሽ ሮዲ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። በቃ። አዎ ብለው መልሰዋል፤ ከዚያ ታናሹ ለመጨባበጥ እጁን እስኪዘረጋ ተቀምጠው መጠበቅ። ብሌክ ደግሞ የተገረሙ መስሎት መልሳቸውን ይጠብቃል። የሚሄደው የጋሽ ሮዲ ሰዓት ነው። የቀረው ሁለት ደቂቃ፤ ካለቀ ይሸነፋሉ።

ተመልካች መናገር አይችልም። ሶ ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። አንድ ደቂቃ። ሠላሳ ሰከንድ። አባዬ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ጋሽ ተስማሙ እንዴ?» አለኝ። ሳላስበው ትንፋሼን ሳብኩለት፤ አዎ። አዳራሹ ጭጭ ስላለ ጥግ ድረስ ተሰማ።

ያንን ድምፅ ከእኔና ከአባዬ ሌላ እዚያ ውስጥ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ሰዓቱ ላይ አፍጥጫለሁ። እሳቸውም አዩት። ዘጠኝ ሰከንድ።

«የስ» አሉ በአፋቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ብሌክ ጨበጣቸው። ዳኛው ወደ እኔ መጣ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ተነፈስኩ።»

ትንሽ አየኝና በሩን አሳየኝ።

ሎቢው ውስጥ ስጠብቅ ጋሽ ሮዲ የሦስተኛውን ውጤት ወረቀት፣ ፊርማ ያለበትን፣ ይዘው ወጡ።

«አሁን ግራንድማስተር ልበልዎት ወይስ ጋሽ?»

ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

«የቱን?»

«ቴሪያኪ እንብላ» አሉ።